አሥራ ሰባት የተባለው ቆርኪ

እኔ ኡሙሰልማ እባላለሁ። ደሴ ፒያሳ ያለውን የወንድሜን ፎቶኮፒ ቤት የምሠራው እኔ ነኝ፤ እሑድ ከሰዓት ደግሞ ከሱቁ ጀርባ፣ በወረቀት ካርቶኖች መሀል፣ ሰው ሰብስቤ አጫውታለሁ። ምን እንደምንጫወት በተጠየቅሁ ቁጥር ትዕግሥቴ ያልቃል፤ እስቲ ለመጨረሻ ጊዜ ላስረዳ። ካርታ አይደለም፣ ሉዶ አይደለም፣ ቁማርማ ጭራሽ አይደለም። ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ተጫዋች በሐሳቡ አንድ ሰው ይፈጥርና ስም ያወጣለታል፤ ያ ሰው ምን እንደሚችልና ምን እንደሚያስፈራው ወረቀት ላይ ይጽፋል። እኔ አጫዋቿ አገሩን፣ መንገዱን፣ የሚገጥማቸውን ሰውና አውሬ እተርካለሁ። «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» እላለሁ፣ እነሱ የሚያደርጉትን ይናገራሉ። ያሉት ይሳካ አይሳካ ሲያጠራጥር ዕጣ ያወጣሉ። አለቀ። ይህ ያልገባው ሰው እሑድ መጥቶ ይቀመጥ።

የጨዋታውን መጽሐፍ ያገኘሁት ከአንድ ደንበኛ ነው። ሰውዬው በፍላሽ አምጥቶ ሁለት መቶ አሥር ገጽ አሳተመና ሳይወስደው ቀረ። ሦስት ወር ጠበቅሁት። በአራተኛው ወር፣ መብራት ጠፍቶ ማሽኑ በቆመባቸው ቀናት፣ መዝገበ ቃላት ይዤ ማንበብ ጀመርኩ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉትን ግንቦችና ዘንዶዎች ለባለቤቶቻቸው ትቼ አጨዋወቱን ብቻ ወሰድኩ። የኛ ታሪክ ስለ ጠፋ ገበያ ነው። አንድ ሰኞ ማለዳ አንድ ትልቅ ገበያ ከነሻጩ፣ ከነገዢው፣ ከነአህያው ከቦታው ታጣ፤ ተጫዋቾቼ የት እንደገባ ይፈልጋሉ። ፍለጋ ከጀመሩ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። እውነቱን ለመናገር የት እንዳለ እኔም አላውቅም።

እንግዳ መቀበል እችልበታለሁ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገር ሰው ነበርኩ። ባጃጅ ነጂው ሁዘይፋ አንድ ቦታ ከአሥር ደቂቃ በላይ መቀመጥ ስለማይሆንለት ቆሞ እንዲጫወት ፈቅጄለታለሁ። ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ የሽመና ማሽን የሚጠግነው ቀለሙ ረጋ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው፤ ተራው ሲደርስ ማንም እንዳያጣድፈው ደንግጌያለሁ። ታሪኩ የከበደው ሰው መዳፉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ ካሳረፈ፣ ለምን ብዬ ሳልጠይቅ ታሪኩን ወደ ሌላ እወስዳለሁ። የነርስ ተማሪዋ ኢስራ ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ዕጣ የምንጥልበትን ባለ ቁጥር ጠጠር፣ ዳይሱን፣ አይታ እጇን ሰበሰበች፤ ዳይስ እንዳትነካ ኡስታዟ አስተምረዋታል። ልከራከራት እችል ነበር፤ መከራከርም እወዳለሁ። ግን ተከራክሬ ብረታት በሳምንቱ አትመጣም ነበር። ስለዚህ ሃያ የለስላሳ ቆርኪ ለቅሜ አጠብኩ፣ በየውስጣቸው ከአንድ እስከ ሃያ በቀይ ቀለም ጻፍኩ፣ ተለብሶ በማያውቅ አዲስ ካልሲ ውስጥ ከተትኳቸው። ከአሥር በላይ ያወጣ ይሳካለታል፣ አሥርና ከዚያ በታች ያወጣ አይሳካለትም፣ አንድ ያወጣ ደግሞ ወዮለት። ሁዘይፋ እስከ ዛሬ ካልሲውን ሳያሸት እጁን አይከትም።

ጋሽ መሕሙድን ያመጣቸው ቀለሙ ነው፤ ኮምቦልቻ ጎረቤታሞች ናቸው። ጋሽ መሕሙድ ሐርቡ ተወልደው ኮምቦልቻ ያረጁ፣ አርባ ዓመት ተሳቢ የነዱ ሰው ናቸው። የዓይን ግፊት የሚባለው በሽታ ብርሃናቸውን ቀስ በቀስ ወስዶት፣ አሁን ብርሃንና ጥላ ይለያሉ እንጂ ጽሑፍ አያነቡም፣ ፊት አይለዩም። ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ የምትጦራቸው ልጃቸው አሚና ናት። ቀለሙ እንደነገረኝ፣ አሚና ከመጦሯ ብዛት ከወንበራቸው አታስነሳቸውም። እስቲ ይናፈሱ ብሎ አንድ እሑድ ይዟቸው መጣ። ሚኒባሱ ወደ ደሴ ሲወጣ ኩርባዎቹን አንድ በአንድ እየቆጠሩ፣ የቱ ጋ ማርሽ መቀየር እንዳለበት ለሾፌሩ ሲነግሩት ነበር አሉ። ሾፌሩ የተመቸው አይመስለኝም።

ማንን መሆን እንደሚፈልጉ ስጠይቃቸው አላመነቱም። ጣሃ ይባላል፣ የነጋዴዎች መንገድ መሪ ነው፣ ቀንም ሌሊትም መንገድ አይጠፋውም አሉ። ምን ያስፈራዋል ስላቸው ትንሽ አሰቡና መቀመጥ ያስፈራዋል አሉ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሳቸው ግን አልሳቁም።

በዚያው ቀን ተጫዋቾቼ ገደል አፋፍ ላይ ካለ ቀጭን መንገድ ደረሱ። ጋሽ መሕሙድ ጣሃ ይቀድማል አሉ። እጃቸውን ካልሲው ውስጥ ከተው አንድ ቆርኪ አወጡና፣ ቁጥሩ ስለማይታያቸው አጠገባቸው ለቆመው ሁዘይፋ ሰጡት። እኔም ከማዶ አየሁት፤ ሁለት ነበር። ሁዘይፋ ቀና ብሎ አየኝ። እንግዲህ ፍረዱኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው፣ ከመጡ ገና አንድ ሰዓት ያልሞላቸው እንግዳ፣ የቀረበላቸውን ሻይ እንኳ አልጨረሱም፤ ገደል ገቡ ልበላቸው? ታላቅ ሲገባ ከወንበሬ ተነስቼ፣ ታላቅ ሲናገር አፌን ይዤ ያደግሁ ነኝ። በዓይኔ ጠቀስኩት። ሁዘይፋም ዓይኑን በጨው ታጥቦ «አሥራ ስምንት!» አለ።

የጋሽ መሕሙድ ፊት በራ። ጣሃ ሁሉንም በዚያ ቀጭን መንገድ አሻገረ፣ ለአንዷ ነፍሰ ጡር ነጋዴ በቅሎዋን ሳብ አድርጎ መራላት፤ ይህን ሁሉ ራሳቸው ናቸው የጨመሩት። በማግሥቱ ቀለሙ ደውሎ፣ ሽማግሌው እራታቸውን ጥርግ አድርገው በልተው፣ ስለ ጣሃ ለአሚና ሲተርኩላት አመሹ አለኝ። ስልኩን ስዘጋ ራሴን አደነቅሁ።

ከዚያ በኋላ ልማድ ሆነ። ማንም በአፉ አልተስማማም። አምስት ሲያወጡ አሥራ አምስት፣ ሁለት ሲያወጡ አሥራ ሁለት ይባልላቸዋል፤ ሁዘይፋ ሲደክመው ቀለሙ ያነብላቸዋል፣ እሱም ረጋ ብሎ ይዋሻል። ኢስራ ብቻ መዋሸትም እኛን ማሳጣትም ስላልፈለገች፣ በሦስተኛው እሑድ ወንበሯን አንስታ ጠረጴዛው ማዶ፣ ከእሳቸው ራቅ ብላ ተቀመጠች። እንዳያስነብቧት ነው። አይቼ እንዳላየ ሆንኩ። ጣሃ በእነዚያ ሳምንታት ወንዝ ተሻገረ፣ ሽፍታ መከረ፣ ጅብ አባረረ፣ አንዴም አልተደናቀፈም። እኔም ስተርክ እየቀለለኝ ሄደ፤ የማይወድቅ ሰው ታሪኩ አያለፋም።

በዘጠነኛው እሑድ የገመድ ድልድይ ሠራሁላቸው። ገመዱ አርጅቷል፣ ከሥር ወንዙ ይጮኻል። ጋሽ መሕሙድ እንደ ወትሮው ጣሃ ይቀድማል አሉ፣ ቆርኪ አወጡ፣ ለሁዘይፋ ሰጡት። ሁዘይፋ ገና ሳያየው በሚያሰኝ ፍጥነት አሥራ ሰባት አለ። የዚያን ቀን ግን ፊታቸው አልበራም። አሥራ ሰባት ብለው ለራሳቸው ደገሙትና እጃቸውን ዘርግተው ቆርኪውን ተቀበሉ። ጨዋታው አልቆ ሁሉም ከሄዱ በኋላ ስቆጥር ካልሲው ውስጥ ያለው አሥራ ዘጠኝ ቆርኪ ብቻ ነው። ካርቶኑን ሁሉ አንድ በአንድ እያነሳሁ ፈለግሁ። አጣሁት፤ ለሁዘይፋ ደወልኩና አንተ ነህ የጣልከው ብዬ በደንብ አድርጌ ሰደብኩት።

በሳምንቱ ጋሽ መሕሙድ በሰዓታቸው መጡ። ሰላምታ ሰጡ፣ ተቀመጡ፣ ከኮታቸው ኪስ ቆርኪዋን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ኢስራ» አሉ። «አንቺ ራቅ ብለሽ የምትቀመጪበት ነገር ገብቶኛል። ለዚያ ነው አንቺን የምጠይቅሽ። ይች ስንት ትላለች?»

ኢስራ ቆርኪዋን ተቀበለች። እኔን አየችኝ፣ አንገቷን ደፋች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ሦስት ትላለች ጋሼ» አለች።

«የሚኒባሱ ረዳትም እንደዚያው ነው ያለኝ። እሱ አያውቀኝም፣ አያፍረኝም፤ ስንት ይላል ብዬ ሰጠሁት፣ ሦስት ብሎ መለሰልኝ። የምታውቁኝ እናንተ ናችሁ አሥራ ሰባት ያላችሁኝ።»

ነገሩን የጠረጠሩት ከቆየ ነው። ዘጠኝ እሑድ ሙሉ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይሳካልኝ ቀርቶ አያውቅም አሉ፤ አርባ ዓመት ስነዳ እንዲህ ያለ መንገድ ገጥሞኝ አያውቅም፣ ጎማም ይፈነዳል፣ ፍሬንም ይበጠሳል፣ በሬም መሀል መንገድ ይተኛል። ሁዘይፋ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይባል ተቀመጠ። ቀለሙ ጫማውን ያያል። ያን ጊዜ ይቅርታ ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ሳፍር የምቆጣ ሰው ነኝ። ለክብርዎ ብለን ነው አልኩ፤ እሱ ሳይበቃኝ ድምፄን ከፍ አድርጌ «ታዲያ ገደል ገቡ ልበልዎት ኖሯል?» አልኳቸው።

«አዎ» አሉ፣ በረጋ ድምፅ። «ቤቴ ልጄ ሻዩን እንኳ አቀዝቅዛ ነው የምትሰጠኝ። አልጋዬን ላንጥፍ ስል ትቀማኛለች። ኸዚህ የመጣሁት አንድ ቦታ እንኳ የእጄን ባገኝ ብዬ ነበር።»

ተነሱ። ቀለሙ ክንዳቸውን ሊይዝ ተነሳ፤ አልፈቀዱለትም። በሱቁ መሀል፣ በማሽኖቹ መካከል፣ እርምጃቸውን እየቆጠሩ ብቻቸውን ወጡ። ቀለሙ ከኋላ ከኋላቸው ሄደ።

ሁለት ቀን ሙሉ እሳቸውን ስወቅስ ሰነበትኩ። ክብር የማይገባቸው ሰው ናቸው አልኩ፣ ደግ ነገር ማድረግ አያስመሰግንም አልኩ፣ ለደንበኛ የመታወቂያ ኮፒ ገልብጬ ሰጠሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ነገሩን ሳጥፈው ስዘረጋው ደግነቴን ተጠራጠርኩት። ሁዘይፋ ቆሞ እንዲጫወት ፈቅጄለታለሁ፣ ኢስራን ዳይስ አላስነካኋትም፤ ሁለቱን ግን እንደ ማንኛውም ተጫዋች ስንት ጊዜ ገደል ከትቻቸዋለሁ። ሽማግሌውን ብቻ ነው ከጨዋታው ውጪ አስቀምጬ ያጨበጨብኩላቸው። ያፈርኩት ያን ጊዜ ነው፤ ብቻዬን፣ ማሽኑ አጠገብ ቆሜ።

እሑድ ስንገናኝ ወንበራቸው ባዶ ነበር። ሁዘይፋ ሽማግሌ እንላክ አለ። አገራችን እንዲህ ነው፤ ታላቅ ያስቀየመ ሰው ሦስት ሽማግሌ ይዞ በር ላይ ይቆማል። የሁዘይፋን አጎት፣ የሰፈሩን ኢማም፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ቆጠርን፤ ኢማሙ ረቡዕ እንደሚመቻቸው ሁሉ ተነጋግረን ነበር። ኢስራ ጣልቃ ገባች።

«ሽማግሌ ቢመጣባቸው ምን ይላሉ?» አለች። «ሽማግሌ እምቢ አይባል። የከፋቸውን ሳይናገሩ ይቅር ብያለሁ ይላሉ፣ ኸዚያ ሳይወዱ በግዳቸው ይመጣሉ። ይኸም ያው አሥራ ሰባት ብሎ ማንበብ ነው።»

ትንሽ ልጅ እውነት ስትናገር ደስ አይለኝም፤ ግን እውነቷን ነበር። ማክሰኞ ሱቁን ለወንድሜ ትቼ፣ ካልሲውን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ፣ ብቻዬን ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ስኳርም ሙዝም አልያዝኩም። ቁልቁለቱን ስንጨርስ ሙቀቱ ተቀበለኝ፤ ሹራቤን አውልቄ፣ ከባድ መኪኖች ተደርድረው በሚቆሙበት መንገድ ጠይቄ ቤታቸው ደረስኩ።

በር የከፈተችልኝ አሚና ናት። ፋብሪካ በፈረቃ የምትሠራ ሴት ናት፤ የዚያን ዕለት ሌሊት ገቢ ስለነበረች ቤት ውላለች። ማን እንደሆንኩ ስነግራት በሩን መለስ አድርጋ ወደ ውጭ ወጣችና ክንዴን ያዘች። እናንተ ዘንድ ውለው ከመጡበት እሑድ ጀምሮ ምግብ በቅጡ አልበሉም፣ ምን እንደነኳቸው አይናገሩም አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ባለፈው ወር ሐኪሙ እሷን ለብቻዋ ጠርቶ፣ የአባትሽ ዓይን ከእንግዲህ አይመለስም፣ የዓይን ጠብታው ሕመሙን ለማስታገስ ብቻ ነው ብሏታል። እሷ ደግሞ ለአባቷ እየተሻለዎት ነው፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ማየት ይጀምራሉ ብላ ነግራቸዋለች። «ስለ አላህ» አለችኝ፣ «ደስ የሚላቸውን ብቻ ንገሪያቸው። አሸነፉ በያቸው።»

እኔ በቆርኪ የሠራሁትን እሷ በዓይናቸው ሠርታዋለች። ልቆጣት አልቻልኩም፤ በምን አፌ? አንጀቴን በላችው። ቃል ግን አልገባሁላትም፤ አሳልፊኝ ብቻ አልኳት።

ጋሽ መሕሙድ በረንዳው ላይ፣ ጀርባው ትራስ በተደረገበት ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። አሰላሙ አለይኩም አልኩ፤ ድምፄን ለዩት፣ ሰላምታዬን መለሱ። ቁጭ በይ ስላላሉኝ ቆሜ ቀረሁ።

«ጋሽ መሕሙድ፣ አፉ ይበሉኝ» አልኩ። «ድልድዩ ላይ ያወጡት ሦስት ነበር። የመጣሁት ሦስቱን ላነብልዎት ነው።»

አሚና ከበሩ ላይ ዓይኗን አፍጥጣብኛለች።

«አንብቢዋ» አሉ።

በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩና አነበብኩላቸው። ገመዱ ጣሃ መሀል ላይ ሲደርስ ተበጠሰ። ጣሃ ወደቀ፤ ወንዙ ዳር አለት ላይ አርፎ ቀኝ እግሩ ተሰበረ። ጓደኞቹ ከላይ ናቸው፣ ከውሃው ጩኸት የተነሳ ድምፁን አይሰሙም። ውሃው እየሞላ ነው። ይህን ሁሉ ስናገር ለማንም ተጫዋች በምናገርበት ድምፅ ተናገርኩ፤ ማላላት አማረኝ፣ አላላላሁም። ምን ያደርጋሉ ብዬ ጨረስኩ።

ጋሽ መሕሙድ ትራሱን ከጀርባቸው አውጥተው መሬት ጣሉትና ወደፊት አዘነበሉ። አለቱ ርጥብ ነው ደረቅ አሉኝ። ገደሉ ላይ የበቀለ ሥር አለ ወይ? ውሃው የሚሞላው በየት በኩል ነው? የተበጠሰው ገመድ የት ወደቀ? እንዲህ የጠየቀኝ ተጫዋች ኖሮ አያውቅም። በዘጠኙ እሑድ ሁሉ እሳቸውም አልጠየቁኝም ነበር፤ ለካ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ገመዱን ጎትተው የጣሃን እግር አሰሩበት፣ ሥሩን ይዘው ሊወጡ ወሰኑ። ካልሲውን አቀረብኩላቸው፤ አንዱን አወጡ። ላነብ እጄን ስዘረጋ ግን ነፈጉኝ።

«አንቺን ገና አላመንኩሽም» አሉ። «አሚና ታንብብ።»

አሚና ምን እንደሚሆን ሳይገባት መጥታ አነበበች፤ አሥራ አራት ነበር። ጣሃ ገደሉን እስከ ግማሽ ወጣ። እዚያ አንዲት ጠባብ ቦታ ላይ ትንፋሹን ሰበሰበ። ከላይ የቀረው ሁለት ክንድ ነው፣ የሚይዘው ደግሞ አንድ ድንጋይ ብቻ። እዚያው ሆነው ርዳታ ሊጠብቁ ይችላሉ አልኳቸው፤ ውሃው መድረሱ ግን አይቀርም። ጣሃ ቁጭ ብሎ አይጠብቅም አሉና ሌላ ቆርኪ አውጥተው ለልጃቸው ሰጧት።

አሚና አየችው። ከዚያ እኔን አየችኝ። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ሁዘይፋ በመጀመሪያው ቀን ያየኝ እንደዚያ ነው። እኔ ዓይኔን ጉልበቴ ላይ ተከልኩ።

«ስንት ነው?» አሉ።

«አባ…»

«አሚና። ስንት ይላል?»

«አንድ» አለች።

ድንጋዩ እንደጨበጠው ተነቀለ አልኩ። ጣሃ ወንዙ ውስጥ ገባ፣ ውሃው ወሰደው፣ ጓደኞቹ ታች ድረስ ሮጠው አላገኙትም። «ጣሃ ሞቷል፣ ጋሽ መሕሙድ።»

አሚና አፏን በነጠላዋ ያዘች። እሳቸው ግን ወደ ኋላ ተደገፉና፣ ፈገግ እንደማለት ብለው፣ ጥሩ ሰው ነበር አሉ። ከዚያ ፊታቸውን ልጃቸው ወዳለችበት አዞሩ።

«አንድ ማለቱ ከበደሽ?»

«ከበደኝ።»

«ካለፈው ወር ጀምሮ ሌላም የከበደሽ ነገር አለ። ጠብታውን ስታደርጊልኝ እጅሽ ይንቀጠቀጣል፤ ፊት እንዲያ አልነበርሽም። እሱንም አንብቢልኝ።»

አሚና አሁንም እኔን አየች። የምሰጣት ምልክት አልነበረኝም። ጠረጴዛዬ ላይ ነገር ሲከብድ ታሪኩን ወደ ሌላ እወስዳለሁ፤ እዚህ የምወስድበት አልነበረኝም፣ ቢኖረኝም አልወስደውም ነበር። አሚና ከወንበራቸው ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች።

«አይመለስም አባ» አለች። «ሁለቱም ዓይንዎ አይመለስም። ሐኪሙ ያለኝ እንደዚያ ነው። ጠብታው ለሕመሙ ብቻ ነው።»

ከመንገዱ ማዶ አንድ ተሳቢ ሞተሩን አሞቀ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ድምፁ እየራቀ ጠፋ። ጋሽ መሕሙድ እጃቸውን ዝቅ አድርገው ፈለጓት፤ ትከሻዋን አገኙ፣ ከዚያ ራሷን።

«ወር ሙሉ ይኸን ብቻሽን ተሸክመሽው ነው?» አሉ።

ያን ጊዜ ነው አሚና ያለቀሰችው። አብሽሪ፣ አብሽሪ ልጄ እያሉ ጭንቅላቷን ይዳስሳሉ፤ የሳቸውም ድምፅ ወፍሯል። በሰው ቤት፣ በሰው ለቅሶ መሀል መቀመጤ አሳፈረኝና ካልሲዬን ሰብስቤ ቀስ ብዬ ተነሳሁ።

«የት ልትሄጂ ነው?» አሉ።

«ልተዋችሁ ብዬ ነው።»

«ቁጭ በይ። የሞተው ጣሃ ነው፣ እኔ መች ሞትኩ። አዲስ ሰው ጻፊልኝ።»

ከቦርሳዬ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣሁ። ማን ይባላል አልኳቸው። ስሙን ኋላ እናወጣለን አሉ፤ በፊት ዓይኑ አያይም ብለሽ ጻፊ። ጻፍኩ። አሚና ፊቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ገና በለቅሶ በታፈነ ድምፅ፣ ዓይኑ ካላየ መንገዱን በምን ሊያውቀው ነው አለች።

«ይጠይቃላ» አሉ። «እየጠየቀ ይሄዳል፣ የሚጠይቃቸው ሰዎች ካልዋሹት።»

እሱንም ጻፍኩት።